የጉሎ ዘይት ታሪክ፤ ፈውሱና ጉዳቱ

በሀገራችን ከቆላ እስከ ወይና ደጋ የተጓዘ ሰው በአጥር ጥግ፥ በወንዝ ዳር፥ በጕድፍ መጣያና በፈረሰ ቤት ወለል ላይ ማንም ሳይዘራው በቅሎ የሚያገኘው አንድ ተክል አለ። ቅጠሉ እንደ ሰው መዳፍ ጣት ጣት አውጥቶ የተዘረጋ፥ ግንዱ ውስጡ ባዶ የሆነ፥ የፍሬው ሽፋን በለስላሳ እሾህ የተከበበ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ጉሎ ይለዋል፤ ትግርኛ ተናጋሪው ጉልዒ፥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ደግሞ ቆቦ ብሎ ይጠራዋል። ለምግብ የሚሆን አይደለምና መንገደኛው ሁሉ እንደ አረም ቆጥሮ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ የተናቀ ተክል በዓለም ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከብዙ የተከበሩ አዝርዕት የሚያንስ አይደለም። ለነገሥታት ግምጃ ቤት ገቢ ሆኗል፤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ተርጓሚዎች አከራክሯል፤ የአውሮፕላን ሞተር አንቀሳቅሷል፤ ሕመምተኛን አሽሯል፤ በክፉዎች እጅ በወደቀ ጊዜም የሰውን ልጅ አሠቃይቷል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የጉሎን ዘይት ታሪክና አገልግሎት በአጭሩ ለአንባብያን ለማስረዳት አስበናል። ዓላማችን የተክሉን ምስጋና ብቻ ለመዘርዘር አይደለም። ይልቁንም በአንድ ፍሬ ውስጥ ፈውስና ሞት ጐን ለጐን ተቀምጠው ሲገኙ፥ ሁለቱን የሚለያቸው የተክሉ ጠባይ ሳይሆን የሰው ዕውቀትና የሰው ፈቃድ መሆኑን ከታሪኩ ነቅሰን ለማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔ በ1753 የዓለምን ዕፀዋት በየስማቸው መድቦ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጉሎን ሪኪኑስ ኮሙኒስ ብሎ ጠራው። ሪኪኑስ በላቲን ቋንቋ መዥገር ማለት ነው። የግሪክ ሰዎችም ከዚያ እጅግ ቀደም ብለው ይህንኑ ተክል በመዥገር ስም ክሮቶን ይሉት ነበር። ፍሬውን በመዳፉ ይዞ የተመለከተ ሰው የስሙን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠፍጠፍ ብሎ የሚያብለጨልጨውና ዝንጕርጕር መልክ ያለው ፍሬ ደም ጠጥቶ የጠገበ መዥገርን ይመስላልና። በእያንዳንዱ እሾሃም ሽፋን ውስጥ ሦስት ፍሬዎች ይገኛሉ፤ ከፍሬው ክብደትም ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው።

የተክሉ ትውልድ ሀገር የት እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ሕንድ ነው ሲሉ ሌሎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ነው ይሉ ነበር። በ2021 የወጡ የዘር ቅንጣት ምርምሮች በኢትዮጵያና በኬንያ በዱር የሚበቅለው ጉሎ በዓለም ላይ ከሚለማው ጉሎ ሁሉ አባት ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው መሆኑን ስላሳዩ፥ የምሥራቅ አፍሪካው ወገን ሚዛኑን ደፍቷል። እንግዲህ በአጥራችን ጥግ እንደ አረም የምናየው ተክል ከቤቱ ያልወጣው የትልቅ ቤተ ሰብ ቀሪ ነው ማለት ነው። የቀሩት ልጆቹ ግን ዓለምን ዞረዋል።

ከዚህ ትውልድ ሀገሩ ተነሥቶ የጉሎ ታሪክ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው በዓባይ ተፋሰስ በታችኛው ጫፍ፥ በግብፅ ሀገር ነው። በጥንታውያን ግብፃውያን መቃብሮች ውስጥ የጉሎ ፍሬ ተገኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በተጻፈው፥ ጀርመናዊው ሊቅ ጌዮርግ ኤበርስ ገዝቶ ወደ ላይፕሲግ ከተማ በወሰደውና በስሙ በሚጠራው የፓፒሩስ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጉሎ ብቻ የሚናገር ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ሥሩ ለራስ ሕመም፥ ፍሬው ለሆድ ድርቀትና ለሴቶች ጠጕር ማሳደጊያ፥ ዘይቱም ለቍስል መቀቢያ እንደሚሆን ተጽፏል። ሆዱ የደረቀበት ሰው ጥቂት ፍሬ ከጠላ ጋር እንዲያኝክ መጽሐፉ ያዝዛል። ይህች ትእዛዝ እጅግ አደገኛ መሆኗን ወደ ኋላ እንመለስባታለን። የሚያስደንቀው ግን ዛሬ በዓለም ገበያ ጉሎ ዘይት የሚሸጥባቸው ሦስቱ ምክንያቶች፥ ሆድ ማላላት፥ ጠጕር መቀባትና ቈዳን ማለስለስ፥ ከ3500 ዓመታት በፊት ተጽፈው መገኘታቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብፅን ጐብኝቶ ያየውን ሲጽፍ፥ በረግረግ ስፍራ የሚኖሩት ግብፃውያን ኪኪ የሚባል ዘይት እንደሚቀቡ ይናገራል። ተክሉ በግሪክ ሀገር በዱር የሚበቅል ሲሆን ግብፃውያን ግን በወንዝና በሐይቅ ዳር ይዘሩታል ይላል። ፍሬውንም አንዳንዶቹ ወቅጠው ይጨምቁታል፤ ሌሎቹ ቈልተው ይቀቅሉትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ይገፉታል። ለመብራት ከወይራ ዘይት የማያንስ ነው፤ ሽታው ግን ይከብዳል ብሎ ይደመድማል። ቈልቶ፥ ወቅጦ፥ በውሃ ቀቅሎ፥ የሰፈፈውን መግፈፍ እስከ ዘመናችን ድረስ በብዙ የአፍሪካና የእስያ መንደሮች ጉሎ ዘይት የሚወጣበት ዘዴ ነው። ሄሮዶቱስ ያየው ሥራ እንዳለ ቆይቷል ለማለት ይቻላል።

ዘይቱ የድኻው መብራት ስለነበረ፥ ድኻው የሚያበራበትን ነገር የያዘ መንግሥት ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኝ የግብፅ ነገሥታት ሳይዘገዩ ዐወቁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ259 ዓመት፥ በዳግማዊ በጥሊሞስ ፊላዴልፎስ ዘመን የወጣው የገቢ ሕግ በፓፒሩስ ተጽፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ሕግ መሠረት የሰሊጥና የጉሎ ዘይት ንግድ ለመንግሥት ብቻ የተከለለ ሆነ። ምን ያህል መሬት እንደሚዘራ የሚወስነው ሹሙ ነው፤ ገበሬው ፍሬውን በተወሰነለት ዋጋ ለመንግሥት ያስረክባል፤ መጭመቂያዎቹም ሥራ በሌለበት ጊዜ ሰው በስውር እንዳይጨምቅባቸው በማኅተም ይታሸጋሉ። ስለዚህ በምሽት ኩራዙን የሚለኩስ የግብፅ ገበሬ እርሱ ራሱ ካመረተው ፍሬ የወጣውን ዘይት ከመንግሥት መልሶ ይገዛ ነበር። ጉሎ ከመድኃኒትነት ወደ ግዛት መሣሪያነት የተሸጋገረበት የመጀመሪያው የተጻፈ ታሪክ ይህ ነው።

ሄሮዶቱስ የጠራው ኪኪ የሚለው ቃል በሌላ ስፍራም ይሰማል። የጾመ ነነዌን ሦስት ቀን የሚጾም የሀገራችን ክርስቲያን ሁሉ የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ያውቃል። ነቢዩ ከከተማይቱ ወጥቶ በፀሐይ በተቀመጠ ጊዜ አንዲት ተክል በአንድ ሌሊት በቅላ ጥላ ሆነችለት፤ በማግሥቱም በትል ተበልታ ደረቀች። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የዚህች ተክል ስም ቅል ነው፤ ይህም ሰብዓ ሊቃናት በግሪክ ቋንቋ ከተረጐሙት ጋር ይስማማል። በዕብራይስጡ ግን ቃሉ ቂቃዮን ሲሆን፥ ከኪኪ ጋር ያለው መመሳሰል የታወቀ ነውና ብዙ ሊቃውንት ተክሊቱ ጉሎ ናት ብለው ያምናሉ።

ስለዚህች አንዲት ቃል በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ሁከት ተነሥቷል። ሊቁ ሄሮኒሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲመልስ፥ ቀድሞ ቅል ተብሎ ይነበብ የነበረውን ሐረግ በሚል ቃል ለወጠው። አውግስጢኖስ በ403 በላከለት ደብዳቤ፥ ዛሬ ትሪፖሊ በምትባለው በኦያ ከተማ አንድ ጳጳስ አዲሱን ትርጓሜ ባስነበበ ጊዜ ሕዝቡ ከልጅነቱ የሰማው ቃል ተለወጠብን ብሎ እንደ ታወከ፥ ጳጳሱም ምእመናን አልባ ሆኖ ሊቀር ጥቂት እንደ ቀረው ጻፈለት። ሄሮኒሞስ ሲመልስ ለዚያ ተክል በላቲን ስም እንዳጣለት ገለጸ። ዮናስን በተረጐመበት መጽሐፉም ተክሉ እንደ ወይን ሰፊ ቅጠል ያለው፥ ጥላው የጠነከረ፥ በሌላ እንጨት ላይ ሳይደገፍ በገዛ ግንዱ የሚቆም፥ ዘሩ መሬት ላይ ከተጣለ በጥቂት ቀን ውስጥ ቍጥቋጦ ሆኖ የሚታይ ነው ብሎ ዘርዝሮ አስረድቷል። ጉሎን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ መግለጫ እንግዳ አይሆንበትም።

ጉሎ በምሥራቅ ደግሞ ኤራንዳ ተብሎ በጥንታዊው የሕንድ ሕክምና ከፍ ያለ ስፍራ አግኝቶ ነበር። በአውሮፓ ግን የጥንቶቹ ጸሐፍት ዲዮስቆሪዴስና ፕሊኒዎስ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሱ ከጻፉ በኋላ በሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ኖረ። ወደ ሐኪሞች መደርደሪያ የመለሰው በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በሴንት ኪትስ ያገለገለው ሐኪም ፒተር ካንቬን ነው። ይህ ሰው ወደ እንግሊዝ ሀገር ከተመለሰ በኋላ በ1764 ስለ ጉሎ ዘይት ጥቅም አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ እንግሊዞች ዘይቱን የሚጠሩበት ካስተር የሚለው ስም በዚያ መጽሐፍ አርእስት ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የጉሎ ዘይት ጠርሙስ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ቤቶች አልጠፋም፤ ብዙ ትውልድም በልጅነቱ በማንኪያ የተጋተውን ያንን ወፍራምና አስጸያፊ ጣዕም ሳይረሳ አርጅቷል።

እስከዚህ ጊዜ ድረስ አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቆይቶ ነበር። ዘይቱን የጠጣ ሕመምተኛ ይድናል፤ ፍሬውን ያኘከ ሕፃን ወይም የበላ ከብት ግን ይሞታል። ከአንድ ፍሬ ሁለት ተቃራኒ ነገር እንዴት ይወጣል? ለዚህ መልስ የተገኘው በ1888 ነው። ዛሬ በኢስቶኒያ ታርቱ በምትባለው በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ፔተር ሄርማን ሽቲልማርክ ለመመረቂያው ባቀረበው ጽሑፍ ከጉሎ ፍሬ አንድ የፕሮቲን ዓይነት መርዝ ለይቶ ሪሲን ብሎ ሰየመው። ይህ መርዝ በሰውነት ህዋስ ውስጥ ገብቶ ህዋሱ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ እጅግ ጥቂቱም ሰውን ለመግደል ይበቃል። ነገር ግን ሪሲን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ፍሬው በሚገባ ሲጨመቅ ዘይቱ ለብቻው ይወጣል፤ መርዙ ከአተላው ጋር ይቀራል። ሙቀትም ኃይሉን ያጠፋዋል።

እንግዲህ የኤበርስ ፓፒሩስ ፍሬውን ከጠላ ጋር አኝክ ብሎ ካዘዘበት ዘመን አንሥቶ የመርዙ ስም እስከ ታወቀበት ጊዜ ከ3400 ዓመታት በላይ አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ቈልተው፥ ቀቅለውና ገፍፈው ዘይት ያወጡ እናቶች ምክንያቱን የሚነግራቸው መጽሐፍ ሳይኖር ፈውሱን ከሞቱ ሲለዩት ኖረዋል። ሳይንስ በኋላ የመጣው የእነርሱን ሥራ ለመሻር ሳይሆን ምክንያቱን ለማስረዳት ነው። መርዙም ቢሆን ለዕውቀት ሳይጠቅም አልቀረም፤ ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ በ1891 ለአይጦች ጥቂት በጥቂት ሪሲን እየሰጠ ሰውነታቸው መርዙን መቋቋም እንደሚማር ስላሳየ፥ ስለ ክትባት የምናውቀው ትምህርት አንዱ መሠረት ሆኗል።

ዘይቱ ሆድን የሚያላላበት ምክንያት ደግሞ በዝርዝር የታወቀው ከዚህም በጣም ዘግይቶ ነው። ከጉሎ ዘይት ዘጠና በመቶ ያህሉ ሪሲኖሌይክ በሚባል አሲድ የተሠራ ነው። ዘይቱ አንጀት ሲደርስ ይህ አሲድ ከቀረው ክፍል ይላቀቃል። በ2012 በጀርመን ሀገር በባድ ናውሃይም የሚገኙ ተመራማሪዎች አሲዱ በአንጀት ጡንቻ ላይ ባለ አንድ ተቀባይ ላይ አርፎ ጡንቻው እንዲኮማተር እንደሚያዝዝ አስረዱ። ያው ተቀባይ በማኅፀን ጡንቻ ላይም ይገኛል። በብዙ አገሮች የነበሩ አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን ጉሎ ዘይት ማጠጣታቸው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ይህ ምርምር ያሳያል። ነገር ግን እርጉዝ ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዘይቱን ጠጥታ በራሷና በፅንሱ ላይ አደጋ እንዳታመጣ የምትጠነቀቅበትን ምክንያትም ያው ምርምር ይገልጣል።

ከሕክምናው ቤት ወጥተን ወደ ፋብሪካው ስንሄድ ጉሎን በሌላ ክብር እናገኘዋለን። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠሩት የአውሮፕላን ሞተሮች ከፊላቸው ከነሲሊንደሮቻቸው የሚሽከረከሩ ነበሩ። ለእነዚህ ሞተሮች በቤንዚን የማይሟሟና በግለት የማይቀጥን ቅባት ያስፈልግ ስለነበረ ከጉሎ ዘይት የሚሻል አልተገኘም። በእንግሊዝ ሀገር ካስትሮል የተባለው የሞተር ዘይት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጉሎ ዘይት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ከሞተሩ የሚረጨውን ዘይት በፊታቸው እየተቀበሉና እየዋጡ ይበሩ ስለነበረ፥ ከጠላት ጥይት ሌላ የሆድ መላላት ያስቸግራቸው ነበር ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1918 የደቡብ ግዛቶች ገበሬዎች ጉሎ እንዲዘሩ አደረገ። ጀርመኖች ግን በባሕር ስለተከበቡ ዘይቱን ባጡ ጊዜ በምትኩ ያደረጉት ቅባት ሞተሮቻቸውን አላገለገላቸውም። ከዚያም በኋላ በ1940ዎቹ ፈረንሳውያን ከጉሎ ዘይት ሪልሳን የሚባለውን ጠንካራ የናይሎን ዓይነት ሠሩ። ዛሬም ለቀለም፥ ለሳሙና፥ ለቅባትና ለፕላስቲክ ሥራ ያገለግላል።

አሁን የምንተርከው ክፍል ግን የሚያሳዝን ነው። የዚሁ የመድኃኒት ጠርሙስ በኢጣሊያ ሀገር የማሠቃያ መሣሪያ ሆነ። ከ1919 በኋላ በፊዩሜ ከተማ በጋብሪኤሌ ዳኑንሲዮ ተከታዮች እንደ ተጀመረ የሚነገረውን ይህን ልማድ የሙሶሊኒ ጥቍር ሸሚዝ ለባሾች ወርሰው አስፋፉት። ተቃዋሚያቸውን፥ የሠራተኛ ማኅበር መሪውን፥ ጋዜጠኛውን፥ መምህሩን በሌሊት ከቤቱ አውጥተው ይደበድቡትና አፉን በግድ ከፍተው ብዙ የጉሎ ዘይት ያጠጡታል። ከሥቃዩ ይልቅ የፈለጉት ውርደቱን ነበር፤ ሰውየው በሚስቱ፥ በልጆቹና በጎረቤቶቹ ፊት ራሱን መግዛት አቅቶት እንዲታይ ነው። ሰውነታቸው ውሃ አልቆበት የሞቱም አሉ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነትም የፍራንኮ ወገኖች ጠጕራቸውን በላጯቸው ሴቶች ላይ ይህንኑ አድርገዋል።

ይህንን የምንጽፈው ለሌላ ሕዝብ ታሪክ ብቻ ብለን አይደለም። በገዛ ወገኑ ላይ መድኃኒቱን ወደ ሥቃይ የለወጠ ሥርዓት፥ በ1935 ወደ ሀገራችን በመጣ ጊዜ ከኬሚስቶች ቤት ይዞ የመጣው የመርዝ ጋዝ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ያለቁት አርበኞች፥ ገበሬዎችና ከብቶች ምስክሮች ናቸው። ጋዙ በማይጨው ዘመቻ ከመውረዱ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ዘይቱ በኢጣሊያ መንደሮች እየተጋተ ነበር። በሰው ገላ ላይ ትንሹን ግፍ ያለ ተጠያቂነት የፈጸመ እጅ ትልቁን ለመፈጸም እንደማያመነታ ከዚህ እንማራለን። ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ሲቀር የሚያመጣው ውጤት ይህ ነው።

የመርዙም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በመስከረም 1978 በስደት በለንደን ይኖር የነበረው የቡልጋሪያ ደራሲ ጊዮርጊ ማርኮፍ በመንገድ ላይ ጭኑን አንድ ነገር ወጋው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተ። በሥጋው ውስጥ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰች የብረት እንክብል ተገኘች፤ ውስጧ የነበረው መርዝ ሪሲን እንደሆነ መርማሪዎች ደምድመዋል። ሽቲልማርክ ለዕውቀት ብሎ የለየው መርዝ ዘጠና ዓመት ቆይቶ የአንድ ደራሲ ቃል መዝጊያ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለዘመናችን ሰው የሚጠቅመው ምንድን ነው? ስለ ጉሎ ዘይት የሚነገረውን ከተረጋገጠው ለይተን ብናስቀምጥ መልካም ይሆናል። አንደኛ፥ ለሆድ ድርቀት የሚያገለግል መድኃኒት መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ከጠጡት በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል። ሆኖም ቁርጠት ስለሚያስከትልና ውሃን ከሰውነት ስለሚያወጣ ዘወትር የሚወሰድ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው፥ እርጉዝ ሴትና ሕፃን ያለ ሐኪም ሊወስዱት አይገባም። ሁለተኛ፥ ከዚንክ ጋር የተዋሐደው ቅባት የሕፃናትን መቀመጫ ከእርጥበት ቍስል ይጠብቃል። ሦስተኛ፥ ለደረቀ ዐይን በሐኪም ትእዛዝ ከሚሰጡት ጠብታዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ንጹሕ የጉሎ ዘይት ይገባል፤ ከዘይቱ የሚሠራ አንድ ውሑድም ፓክሊታክሰል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ለማሟሟት ሲያገለግል ኖሯል። ነገር ግን ይህ ተጣርቶ በመድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራውን እንጂ በቤት የተጨመቀውን ዘይት በዐይን ላይ ማድረግን አይፈቅድም።

ስለ ጠጕርስ? ዘይቱ ጠጕርን ያለሰልሳል፥ ያወዛል፥ ከመሰባበርም ይከላከላል፤ የራስ ቅል ቈዳንም ከድርቀት ይጠብቃል። ያልነበረውን ጠጕር ያበቅላል ለሚለው ግን ጽኑ የምርምር ማስረጃ አልተገኘለትም። ስለዚህ እናቶቻችን ለውበት ሲቀቡት የኖሩት ለጥቅሙ ነው፤ ዛሬ በውብ ጠርሙስ ተሞልቶ ራሰ በራን ሁሉ ያድናል ተብሎ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ግን ገዢው ጥቂት ማሰብ ይገባዋል።

ወደ ሀገራችን ባልትና ስንመለስ ጉሎን በሁለት ታላላቅ ሥራዎች እናገኘዋለን። አንደኛው የእንጀራ ምጣድን ማሰሻ መሆኑ ነው፤ ተቈልቶ የተወቀጠውን ጉሎ በጨርቅ አድርገው ምጣዱን ሲያሹበት እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል። ሁለተኛው ቈዳን ማለስለሻ መሆኑ ነው፤ የደረቀ ቈዳና ጠፍር በጉሎ ታሽቶ ይለዝባል። እነዚህ ሥራዎች ተክሉን በጓሮ ያቆዩት ናቸው። ነገር ግን ጥንቃቄም ከእነርሱ ጋር ሊተላለፍ ይገባል። ፍሬው ዝንጕርጕርና ውብ ስለሆነ ሕፃናት እንዳይጫወቱበትና እንዳያኝኩት፥ አተላው መርዙ ሳይጠፋለት ለከብት፥ ለውሻና ለዶሮ እንዳይሰጥ፥ የሚወቅጠውም ሰው ብናኙ አስም ሊያስነሣበት ስለሚችል አፍንጫውን እንዲሸፍን መምከር የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ተግባር ነው።

የንግዱን ነገር ስንመለከት ደግሞ አንድ የሚያስቆጭ ነገር እናገኛለን። ዛሬ ከዓለም የጉሎ ምርት አብዛኛው የሚገኘው ከሕንድ ሲሆን፥ ከሕንድም የጉጃራት ክፍለ ሀገር ዋነኛው ነው። የተክሉ ትውልድ ሀገር ግን ከዚህ ንግድ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት የባዮ ነዳጅ ልማት ስልት ባወጣ ጊዜ ጉሎ ከተመረጡት ተክሎች አንዱ ሆነ። የውጭ ኩባንያዎች በወላይታና በምሥራቅ ሐረርጌ ከገበሬዎች ጋር እየተዋዋሉ ዘር አከፋፈሉ። ነገር ግን በወላይታ ለእህል የሚሆነው ማሳ ለጉሎ በተሰጠበት ወራት የምግብ እጥረት ደረሰ፤ በሐረርጌም ከተሰጠው መሬት ከፊሉ ከባቢሌ የዝሆን መጠለያ ክልል ጋር ተደራረበ፤ ብዙዎቹ ውጥኖችም ሳይሰነብቱ ቀሩ። በግብፅ የበጥሊሞስ ሹም ገበሬው የሚዘራውን መሬት በወሰነበት ጊዜና በዚህ ጊዜ መካከል ከ2200 ዓመታት በላይ አሉ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ጉሎ ተዘርቶ የሚገኘው ጥቅም የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጉሎው ራሱ የሚመልሰው ነገር ያለ ይመስለናል። ተክሉ ድርቅን ይችላል፤ እህል በማያበቅል ጠርዝ፥ በአጥርና በገደል አፋፍ ይበቅላል። እህሉን ከማሳው ሳያፈናቅል በዚያው በለመደው ጠርዝ ቢለማ፥ ፍሬውም እንዳለ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት በሀገር ውስጥ ተጨምቆ ዘይት ቢሆን፥ ለገበሬውም ለፋብሪካውም ይበቃል። የእርሻ ምርምር ማዕከሎቻችን የሀገሩን የጉሎ ዘሮች እየሰበሰቡ የተሻሉትን ለመለየት የጀመሩት ሥራ ለዚህ መነሻ ይሆናል። በየወረዳው ያሉ እናቶችና ቈዳ ፋቂዎች ስለ ጉሎ የሚያውቁትም ሳይረሳ ሊጻፍና በላቦራቶሪ ሊመዘን ይገባል። ከሚጻፈው ውስጥ እውነት ሆኖ የሚገኝ አለ፤ እንደ ኤበርስ መጽሐፍ ትእዛዝ አደገኛ ሆኖ የሚገኝም አለ፤ መዝግቦ መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ጉሎ ለዮናስ በአንድ ሌሊት ጥላ ሆኖ በማግሥቱ ደረቀ ይባላል። በአጥራችን ያለው ግን ከፈርዖኖች ዘመን አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልደረቀም። በአንዲት ፍሬ ውስጥ መብራትን፥ መድኃኒትንና መርዝን አንድ ላይ ይዞ ቆሟል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ፍሬውን የሚያነሣው እጅ ነው። ስለዚህ ያንን እጅ ማስተማር ከተክሉ ልማት አስቀድሞ የሚመጣ ሥራ መሆኑን አሳስበን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።